የትንሿ ሪቮልቨር ዕድሜ በቁጥሯ ብቻ አይታወቅም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ ባወጣችሁት የጥያቄና መልስ ዓምድ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ አንድ አንባቢ ከአሮጌ ዕቃዎች ጨረታ ስለገዟት ትንሽ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር (ጥይቶቿን በሚሽከረከር ክብ ቋት፣ በሲሊንደር፣ የምትይዝ ሽጉጥ) ላቀረቡት ጥያቄ የተሰጠውን መልስ በጥሞና አነበብሁት። መልሱ ባጭሩ፣ በሲሊንደሯ ላይ 1855 የሚል ዓመት ስለተጻፈባት በዚያው ዓመት የተሠራች ናት፤ መለያ ቁጥሯም ባለ አራት አኃዝ ስለሆነ ከመጀመሪያዎቹ ምርቶች አንዷ መሆኗ አያጠራጥርም፤ አስወልውለው አዲስ የኒኬል ቅብ ቢያስቀቧት ደግሞ ዋጋዋ ከፍ ይላል የሚል ነበር። ጋዜጣው ለአንባቢ ጥያቄ ቦታ ሰጥቶ ማስተናገዱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ሦስቱም ነጥቦች ስሕተት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሕተቶች በሌላ እትም ሊታረሙ ይችላሉ፤ ሦስተኛው ግን ምክሩ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በምንም መንገድ አይመለስም፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዋናነት በእርሱ ምክንያት ነው።

በሙያዬ የቶርኖና የፍሬሳ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረውም እነዚህ ሽጉጦች በተሠሩባት በማሳቹሴትስ ስቴት፣ ከስፕሪንግፊልድ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። የጥንት ጦር መሣሪያ ከሚሰበስቡ ሰዎች ጋር ለረጅም ጊዜ በመዋሌ፣ አንዲትን ሽጉጥ እንዴት እንደሚመረምሩና ምን አይተው ምን እንደሚወስኑ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እጠይቃለሁ።

ስለ ሽጉጧ ለመናገር አስቀድሞ ከየት እንደመጣች ማወቅ ያስፈልጋል። ሆራስ ስሚዝ እና ዳንኤል ዌሰን የተባሉት ሁለት ባለሙያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሽርክና የሠሩት በ1852 በኮነቲከት ስቴት፣ ኖርዊች ከተማ ሲሆን፣ ያ ሽርክና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። ሁለተኛውን ሽርክና በ1856 ስፕሪንግፊልድ ላይ ሲመሠርቱ፣ የጥይቱ ቀለሃ ከኋላ በኩል የሚገባበት፣ ከዳር እስከ ዳር የተበሳ ሲሊንደር ያለው ሪቮልቨር ለመሥራት አስበው ነበር። ይሁን እንጂ የዚህ ሐሳብ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ከአንድ ዓመት በፊት፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1855፣ ሮሊን ዋይት ለተባለ ሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር፣ ለሚሸጡት ለእያንዳንዱ ሪቮልቨር 25 ሳንቲም ሊከፍሉት ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት መብቱን የሚጥሱ ሰዎችን በፍርድ ቤት የመክሰሱና የመሟገቱ ወጪ በዋይት ላይ የወደቀ ሲሆን፣ ይህ ግዴታ ኋላ ላይ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶታል። የመብቱ ዘመን በ1869 ሲያበቃ እንዲራዘምለት ቢለምን ተከለከለ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1870 ሊረዳው ያወጣውን ሕግም ፕሬዝዳንት ግራንት ሳይፈርሙ መልሰውታል።

እንግዲህ በሲሊንደሩ ላይ የሚታየው 1855 የሚለው ዓመት ይህ የሮሊን ዋይት መብት የተሰጠበት ቀን ነው። ሽጉጧ ራሷ፣ ማለትም ኩባንያው «ሞዴል ቁጥር 1» ያላት፣ ገበያ ላይ የወጣችው በ1857 በመሆኑ፣ በ1855 የተሠራች «ሞዴል ቁጥር 1» ጭራሽ ልትኖር አትችልም። ቀኑ በየሽጉጡ ላይ የተቀረጸው መብቱን ለማስከበር እንጂ የምርት ዓመትን ለመንገር ባለመሆኑ፣ ከዓመታት በኋላ በተሠሩት ላይም ያው ቀን ይገኛል። ከኋለኞቹ ምርቶች በብዙዎቹ ላይ ከእርሱ ቀጥለው የጁላይ 5 ቀን 1859 እና የዲሴምበር 18 ቀን 1860 ቀኖች ተጨምረው ይነበባሉ። ስለዚህ የቀኖቹ ዝርዝር የሚያገለግለው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ ሽጉጧ ከዝርዝሩ የመጨረሻ ቀን በፊት እንዳልተሠራች ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ በስንት ዓመት እንደተሠራች ግን አይናገርም።

መለያ ቁጥሩም እንደዚሁ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ሰብሳቢዎች «ሞዴል ቁጥር 1»ን በሦስት እትሞች ይከፍሏታል፤ የመጀመሪያው እትም ከ1857 እስከ 1860፣ ሁለተኛው ከ1860 እስከ 1868፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ1868 ጀምሮ እስከ 1880ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተሠርቷል። የመጀመሪያው እትም ቁጥሩ ከ1 ተነሥቶ 11,671 አካባቢ ላይ ሲያበቃ ሁለተኛው ከዚያው ቀጥሎ ከ120 ሺህ በላይ ዘለቀ። ሦስተኛው ሲጀመር ግን ፋብሪካው ቆጠራውን እንደገና ከ1 ጀመረ። በዚህም የተነሣ 3 ሺህ አምስት መቶ የሚል ቁጥር ያላቸው ሁለት የተለያዩ ሽጉጦች ይኖራሉ፤ አንዷ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት፣ ሌላዋ ጦርነቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላ የተሠሩ። ዓምዳችሁ የጠቀሳት ባለ አራት አኃዝ ሽጉጥ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች በቁጥሯ ለመወሰን አይቻልም፤ ገላዋን ማየት የግድ ነው።

ገላዋን ማየት ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም፤ ሦስተኛው እትም ከፊተኞቹ ሁለት ከሩቅ ይለያል። ሦስተኛው እትም ክብ አፈሙዝ አለው፤ በላዩ ላይ ቀጭን ጀርባ ይሄድበታል፤ ሲሊንደሩ ዙሪያውን ቦይ የተቆረጠበት ነው፤ እጀታውም እንደ ወፍ ራስ ወደ ታች ክብ ብሎ ያልቃል። የፊተኞቹ ሁለት እትሞች ግን ባለ ስምንት ጎን አፈሙዝ፣ ለስላሳ ሲሊንደርና ታቹ ጠፍጣፋ ሆኖ ሰፋ የሚል እጀታ አላቸው። አንባቢው ሽጉጣቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲሊንደሩ ለስላሳ ነው ወይስ ቦይ አለው ብለው ቢያዩ፣ ግማሹን ጥያቄ በዚያው መመለስ ይችላሉ።

የመጀመሪያውን ከሁለተኛው መለየት ትንሽ ቀረብ ማለትን ይጠይቃል። ሁለቱም ሰባት ጎራሽ ናቸው፤ የሁለቱም አፈሙዝ 3 3/16 ኢንች፣ ማለትም 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሁለቱም የምላጭ ቀለበት የሌላቸውና ምላጫቸው ከፍሬሙ (አፈሙዙ፣ ሲሊንደሩና እጀታው ከሚያያዙበት ዋና አካል) ሥር በወጣች ሽፋን ውስጥ የተቀመጠ ነው። የሁለቱም አፈሙዝ ከላይ ባለ ማጠፊያ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ሲሊንደሩ ይወጣል፤ ባዶ ቀለሃዎቹም ከአፈሙዙ ሥር በተተከለው ዘንግ አንድ በአንድ እየተገፉ ይወድቃሉ። ልዩነቱ ያለው ፍሬሙ ላይ ነው። የመጀመሪያው እትም ፍሬም ጎኑ ጎበጥ ያለ ሲሆን፣ ውስጡን ለመክፈት የሚያገለግለው የጎን ክዳንም ትንሽና ክብ ነው። የሁለተኛው እትም ፍሬም ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ክዳኑም ሰፊና ቅርጹ ወጣ ገባ ያለ ነው። ከዚህ ሌላ በመጀመሪያው እትም የመዶሻው ጭራ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚሳበው ክፍል፣ ለብቻው ተሠርቶ በማጠፊያ የተያያዘ ሲሆን፣ በሁለተኛው ግን መዶሻው አንድ ወጥ ብረት ነው። ይህ ለውጥ ሥራውን ያቀለለ ስለመሆኑ በብረት ሥራ ለተሰማራ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንድ ጥቃቅን ክፍል በቀነሰ ቁጥር የሚበጅ፣ የሚገጠምና የሚሰበር ነገርም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚጨነቁት የመጀመሪያውን እትም በውስጡ በስድስት ዓይነቶች ለመለየት ነው። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ስድስት ዓይነት መኖሩ ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን የፋብሪካው ሠራተኞች ገና በመማር ላይ ነበሩ። ከዚያ በፊት በቀለሃ የሚሠራ ሪቮልቨር ለንግድ አምርቶ የሚያውቅ አሜሪካዊ ፋብሪካ አልነበረም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ለውጥ አንድ ችግር ሲገጥም የተሰጠ መልስ ናት።

ትልቁ ችግር የቀለሃው መቀመጫ ነበር። ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሃው ወደ ኋላ ይገፋል፤ መዳቡ ስስ ስለነበረም ቂጡ ሲያብጥ ሲሊንደሩ እንዳይዞር ይይዘዋል። ስሚዝ እና ዌሰን ለዚህ ያገኙት መልስ፣ ከሲሊንደሩ ኋላ ክብ ሳህን አስቀምጠው ከሲሊንደሩ ጋር አብራ እንድትሽከረከር ማድረግ ነበር። በመጀመሪያው ዓይነት፣ ማለትም ከቁጥር 1 እስከ 2 መቶ ጥቂት ባሉት ሽጉጦች ላይ፣ ይህች ሳህን በመጀመሪያ አሠራሯ ትገኛለች። እስከ 1,130 ገደማ በሚደርሰው ሁለተኛው ዓይነት ሳህኗ ተሻሽላለች። በአራተኛው ዓይነት፣ ከ3 ሺህ ጥቂት አለፍ ብሎ በሚጀምረው፣ በጣም ትንሽ ሆናለች። ከ5 ሺህ አምስት መቶ ገደማ በኋላ በመጣው ስድስተኛው ዓይነት ደግሞ ጭራሹን ቀርታ በሲሊንደሩ ኋላ ባሉ ጥርሶች ተተክታለች። አንድ ሐሳብ ሲወለድ፣ ሲስተካከል፣ ሲያንስና በመጨረሻ አላስፈላጊ ሆኖ ሲጣል በተከታታይ በተሠሩ ሽጉጦች ላይ ደረጃ በደረጃ ማየት ለእኔ ከማውቃቸው የብረት ሥራ ታሪኮች ሁሉ እጅግ የሚያረካኝ ነው፤ ይህንንም ማንም ሰው ሲሊንደሩን አውጥቶ ከኋላ በማየት ሊያረጋግጠው ይችላል።

የተቀሩት ሁለት ዓይነቶች የሚለዩት በሌላ ምልክት ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓይነት አፈሙዙን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው መቀርቀሪያ፣ ሰብሳቢዎች በቅርጹ የተነሣ የሳንጃ ስም የሰጡት ጠፍጣፋ ብረት ነው። በሦስተኛው ዓይነት ይህ ቀርቶ በጎን በኩል በሞላ የሚገፋ መቆለፊያ ተተካ። አምስተኛው ዓይነት፣ ከ4 ሺህ ሁለት መቶ ገደማ የሚጀምረው፣ ከውጭ ሲታይ ከአራተኛው ብዙም አይለይም፤ ለውጡ አፈሙዙ ውስጥ ነው። ጥይቱን እያሽከረከሩ የሚያወጡት ጠመዝማዛ ቦዮች ቀድሞ ሦስት የነበሩት አምስት ሆነዋል። ጥይት አለመኖሩ በሚገባ ከተረጋገጠና ሲሊንደሩ ከወጣ በኋላ፣ የተከፈተውን አፈሙዝ ወደ ብርሃን አቅንቶ ቦዮቹን መቁጠር ይቻላል፤ ዝገት ቢኖርም እንኳ በጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ አለብኝ። ከላይ የጠቀስኳቸው የቁጥር ወሰኖች በቢላ የተቆረጡ አይደሉም። ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ አዲስ ክፍል መጣ ተብሎ የአሮጌው ክምችት አይጣልም፤ በሣጥን ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ድረስ ይገጠማል። ስለዚህ ቁጥሯ ከወሰኑ ጥቂት የምታልፍ፣ ነገር ግን የቀድሞውን መቀርቀሪያ የያዘች ሽጉጥ ብናገኝ፣ ወዲያው ተጭበርብሯል ማለት ተገቢ አይሆንም። በአንጻሩ ቁጥሯ ከወሰኑ በሺዎች የራቀች ሆና የመጀመሪያውን ዓይነት ክፍል የያዘች እንደሆነ፣ ሲሊንደሩ ወይም አፈሙዙ ከሌላ ሽጉጥ ተወስዶ እንዳይሆን መጠርጠር ያስፈልጋል። ይህን ለመፍታት የሚረዱት በክፍሎቹ ላይ በስውር የተመቱት የመገጣጠሚያ ፊደላት ናቸው። ሠራተኞቹ አብረው የተስማሙ ክፍሎች በቅብ ጊዜ እንዳይቀላቀሉባቸው በፍሬሙ፣ በአፈሙዙና በሲሊንደሩ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይመቱ ነበር። መለያ ቁጥሩ በእጀታው ሥር ይገኛል፤ ከእንጨት ሳንቃዎቹ በአንደኛው ውስጠኛ ገጽ ላይም ይደገማል። ሳንቃውን በጥንቃቄ ፈትቶ ከውስጥ ማየት፣ ፊደሎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ስለ ዓይነቱ መናገር የጠንቃቃ ሰብሳቢ ሥርዓት ነው።

የአስመሳዮች ጉዳይም አለ። የሮሊን ዋይት መብት በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ብዙ ፋብሪካዎች ይህችን ሽጉጥ ቀድተዋል። በኒው ጀርሲ፣ ኒውዋርክ ይሠራ የነበረው የማንሃተን ፋብሪካ ያወጣት ትንሽ ሰባት ጎራሽ ከመጀመሪያው እትም ጋር በቅርጽ እጅግ ትመሳሰላለች፤ የምትለየው በሲሊንደሯ ላይ ሥዕል የተቀረጸባት በመሆኑ ነው፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሲሊንደር ግን ለስላሳ ነው። በፍርድ ቤት ከተረቱት መካከል እንደ ሙር፣ ፖንድ፣ ቤከንና ዋርነር ያሉት ደግሞ በምርታቸው ላይ «ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ እንዲያኖሩ ተደርገዋል። ይህ ጽሑፍ ያለባትን ሽጉጥ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የመጀመሪያ ምርት አድርጎ የሚገዛ ሰው ዛሬም አይጠፋም። በርግጥ የራሷ ታሪክና የራሷ ዋጋ አላት፤ ነገር ግን ሌላ ሽጉጥ ናት።

ስለ ኋለኞቹ ትንንሽ ሪቮልቨሮች ብዙ አልልም፤ ሆኖም መመርመሪያው መንገድ አንድ መሆኑን ለማሳየት ሁለት ሦስቱን ልጥቀስ። ኩባንያው በ1896 ያወጣት ባለ 32 ካሊበር (ካሊበር የአፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው) ትንሽ ሪቮልቨር ሲሊንደሯ ወደ ጎን የሚወጣ የመጀመሪያዋ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ ስትሆን፣ የመብት ቀኖቿ በሲሊንደሩ ላይ ተጽፈዋል። ከእርሷ ቀጥላ በ1902 የመጣችው፣ በ22 ካሊበር ሰባት ጎራሽ የሆነችውና «ሌዲስሚዝ» ተብላ የምትታወቀው እጅግ ትንሽ ሽጉጥ በሦስት ሞዴል ትለያለች፤ የመጀመሪያው ሞዴል ሲሊንደሩን የሚከፍት አዝራር በፍሬሙ ግራ ጎን አለው፤ ከ1906 ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው ሞዴል ይህ አዝራር ስለሌለው ከአፈሙዙ ሥር ባለ መቆለፊያ ይከፈታል፤ ከ1911 የጀመረው ሦስተኛው ደግሞ እጀታው ታቹ አራት ማዕዘን ሆኗል። ስለዚህች ሽጉጥ፣ ሴተኛ አዳሪዎች ይይዟታል ሲባል ዳንኤል ዌሰን ሰምተው በቁጣ ምርቷን አስቆሙ የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ዳንኤል ዌሰን የሞቱት በ1906 ሲሆን፣ ሽጉጧ ግን እስከ 1921 ተሠርታለች። በዓይን የሚታየውን ማስረጃ ትቶ በሚጣፍጥ ወሬ መመራት ሰብሳቢውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በሌላው የአሜሪካ ሽጉጥ ሠሪ በኮልት በኩል፣ በ1927 የወጣችው «ዲቴክቲቭ ስፔሻል» በመጀመሪያ ዓመታቷ የእጀታዋ ታች አራት ማዕዘን ነበር፤ የተጠጋጋው በ1933 አካባቢ ነው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን «ቺፍስ ስፔሻል» ደግሞ በኦክቶበር 1950 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ በተካሄደ የፖሊስ አዛዦች ጉባኤ ላይ የቀረበች አምስት ጎራሽ ናት፤ ስሟም የመጣው ከእነዚሁ አዛዦች ነው። የመጀመሪያዎቹ የምላጭ ቀለበታቸው ትንሽና ክብ፣ የፊት ማነጣጠሪያቸውም ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ነው። ከጎን ክዳኑ በላይ የነበረው ብሎን በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ከምላጩ ቀለበት ፊት የነበረው ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቀርቷል። በ1957 ኩባንያው ለሞዴሎቹ ቁጥር መስጠት ሲጀምር ይህች 36 ተብላ ተሰየመች፤ ስለዚህ 36 የሚል ቁጥር የተመታባት ሽጉጥ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራች አይደለችም። ሲሊንደሩን የሚከፍተው የአውራ ጣት መግፊያ እስከ 1966 ገደማ ጠፍጣፋ ነበር። እዚህም ላይ ብሎኖቹን፣ መግፊያውን፣ ማነጣጠሪያውንና የሞዴል ቁጥሩን አንድ ላይ አድርጎ ማንበብ እንጂ አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም።

አንባቢው ሰነድ ከፈለጉ፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ታሪካዊ ፋውንዴሽን የፋብሪካውን መዝገቦች አይቶ በክፍያ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይሰጣል። ደብዳቤው የሚናገረው ሽጉጧ ከፋብሪካው የወጣችበትን ቀን መሆኑን ግን ማወቅ ያሻል። ሽጉጦች በቁጥራቸው ተራ አልተላኩም፤ አንዳንዶቹ በመጋዘን ውስጥ ቆይተዋል። የተላከችበትን ቀን የተሠራችበት ቀን አድርጎ መቁጠር፣ የመብት ቀንን የምርት ቀን ከማድረግ ጋር አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። ይህ ልዩነት ከዋጋም አልፎ የሕግ ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1968 በወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ሽጉጥ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል፤ ከላይ የጠቀስኳት የ1896ቷ ባለ 32 ካሊበር የመጀመሪያ ሞዴል ግን እስከ 1903 ስለተሠራች ይህ ወሰን መካከሏን ይከፍላታል። «ሞዴል ቁጥር 1» ሦስቱም እትሞቿ ከወሰኑ በፊት ያበቁ በመሆናቸው በፌዴራል ሕጉ በኩል ጥያቄ የለባትም፤ የየስቴቱ ሕግ ግን ስለሚለያይ አንባቢው የሚኖሩበትን ስቴት ሕግ እንዲያረጋግጡ እመክራለሁ። በኢትዮጵያ ያለ አንባቢ ደግሞ ጉዳዩ የሚታየው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሆኑን ልብ ይበል።

አሁን ስለ መወልወሉ። እስካሁን የዘረዘርኩት ማስረጃ በሙሉ የሚገኘው በብረቱ ገጽ ላይ ነው። በአሸዋ ወረቀትና በሚሽከረከር መወልወያ የተፋቀ ሽጉጥ በመጀመሪያ የሚያጣው የፊደሎቹን ጠርዝ ነው፤ ከዚያ የአፈሙዙ ስምንት ጎኖች ስለታቸው ይጠፋል፤ ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያቸው ይሰረጉድና እንደ ሳህን ይሆናል። የመጀመሪያው እትም ፍሬም ከናስ ተሠርቶ በብር የተለበጠ፣ አፈሙዙና ሲሊንደሩም ጥቁር ሰማያዊ ቅብ የነበራቸው በመሆኑ፣ ከዚያ ላይ የተረፈች ጥቂት የብር ሽፋን እንኳ በሰብሳቢ ዘንድ ከአዲስ ኒኬል እጅግ የምትበልጥ ናት። በኋለኞቹ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች ላይ መዶሻውና ምላጩ በእሳት የተቀለሙ፣ ግራጫና ቡናማ ወዝ የሚታይባቸው ናቸው፤ እነርሱም በኒኬል ተሸፍነው ከተገኙ ሽጉጧ ከፋብሪካ ውጭ እንደገና ለመቀባቷ ግልጽ ምልክት ነው። ኩባንያው ራሱ ያደሳቸው ሽጉጦች ደግሞ በእጀታው ሥር የኮከብ ምልክት የተመታባቸው ብዙ ናቸው። ማንኛውም ልምድ ያለው ገዢ እነዚህን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያያል፤ ስለዚህ የተወለወለች ሽጉጥ ዋጋዋ ይጨምራል የሚለው ምክር ከእውነታው ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ለመጠበቅ የሚያስፈልገው በጣም ጥቂት ነው። ለስላሳ ጨርቅ በስሱ የጠመንጃ ዘይት ነክሮ አቧራውን ማንሣት፣ እርጥበት በሌለበት ቦታ ማስቀመጥ፣ ላብ ብረቱን ስለሚበላው በባዶ እጅ ከማሻሸት መቆጠብ በቂ ነው። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ዘግቶ ማኖርም አይመከርም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ በውስጡ ያለው ጨውና አሲድም ከጊዜ ብዛት ብረቱን ይቦረቡራል። ቀይ ዝገት በማደግ ላይ ከሆነ፣ ሥራው ለጥንታዊ ብረት እንክብካቤ ባለሙያ ይሰጥ እንጂ ለወልዋይ አይሰጥ። ንጽጽር ለማድረግ የሚሹ አንባቢዎችም ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የከተማዋ የታሪክ ሙዚየም የተቀመጠውን የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስብስብ በመጎብኘት ብዙ ይጠቀማሉ።

ስለዚህ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ጠያቂው አንባቢ ሽጉጣቸውን ለወልዋይ ከመስጠታቸው በፊት፣ በሚቀጥለው እትም እርማቱ በዚያው ዓምድ ይውጣላቸው። ፈቃዳቸው ከሆነም የሲሊንደሩን ኋላ፣ የጎን ክዳኑን፣ የመዶሻውን ጭራ፣ የአፈሙዙን መቀርቀሪያና ጽሑፍ፣ የእጀታውን ሥርና የሳንቃውን ውስጥ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በቀን ብርሃን አንስተው ለዝግጅት ክፍሉ ይላኩ፤ ከስድስቱ ዓይነቶች ከአንዱ መሆኗን፣ ወይም የኋለኛው እትም መሆኗን ከማስረጃው ጋር ጽፌ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከማሳቹሴትስ